ሰባት ቤት ሲቆጠር

ኅዳር 6 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

መብራት የለም። የሰበሰብነው ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰውዬ ደግሞ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ለቅሶ ሄዷል። ተናድጄ የብርጓል ላይ ጮኽኩባት፣ አንቺስ ቁልፍ እንዴት አይኖርሽም ብዬ። ነርስ ናት እንጂ ዘበኛ አይደለችም። ወጥታ ከጁስ ቤቱ በረዶ ለምና መጣች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ነገ እጠይቃታለሁ።

ሥራው የሚሄድ ከሆነ በዚህ በጋ ነው የሚሄደው። እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ ከዚህ አገር ቀይ አፈር እንደሚመጣ ከታወቀ ቆይቷል። እኔ የምፈልገው ሌላውን ግማሽ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሱ ኖረው አንዱ ይታመማል፣ ሌላው እስኪሞት ድረስ ደህና ነው። ለምን? መልሱ ከወላጅ በወረሱት ነገር ውስጥ አለ። እሱን ለማግኘት ቤተሰብ ያስፈልገኛል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ የአክስት ልጅ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተረፈ።

ማንም አይናገርም። መጠይቁን ይዘን ስንገባ አገሩ በሙሉ ዘመድ የሌለው ሆኖ ያርፈዋል።

ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ስለነበር ይጁቤ ሄጄ እናቴን አየኋት። ደህና ናት። ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጣ እንኳን ወፍራም ካልሲና ሸራ ጫማ ታደርጋለች፤ ብርድ አይስማማትም። "እስቲ እግርሽን ልይልሽ፣ ሥራዬ አይደል?" አልኳት እንደ ቀልድ።

"የሰው እግር ስታዪ ከርመሽ የኔን ደሞ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ይልቅ ብዪ" አለችኝ። በላሁ።

ሐሳቡ የመጣልኝ በልጅነቴ በባዶ እግሬ ስሮጥበት ከነበረው ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከተማሪዎቻቸው ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እኛ አገር ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ከይጁቤ እስከ ደምበጫ ለዚህ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ወረቀት አይዙም። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን አግብቶ እነ እገሌን ወለደ እያሉ እንደ ዳዊት ይወርዱታል። ዓመት ሙሉ በመጠይቅ ስለምነው የኖርኩት ነገር እዚህ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

"የኔታ፣ ለኔም ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው።

"ልታገቢ ነው?"

"ለሥራዬ ነው።"

ሳቁ። "ለሥራ ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም። እስቲ እንሞክረው" አሉኝ።

ኅዳር 27

የኔታ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያወርዱልኝን ለመጻፍ እጄ አልደርስ አለ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። እሳቸው ዝምድናን እንጂ በሽታን አይቆጥሩም። የማን እግር እንዳበጠ ጠይቀው አያውቁም። "እሱ ለጋብቻ ምን ይሠራል?" አሉኝ። ለኔ ይሠራል አልኳቸው። በእያንዳንዱ ስም ላይ "እግሩስ?" ብለው እንዲጠይቁ አለማመድኳቸው። የየቤቱ ሽማግሌዎች እኔ ስጠይቅ የሚዘጉትን አፍ ለእሳቸው ይከፍቱታል። አሁን ከኔ የበለጡ ተመራማሪ ሆነዋል፤ ስም ጠርተው ሳይጨርሱ "እግሩስ?" ይላሉ። በዚህ ሙያ ከሠራሁት ሁሉ ብልሁ ሥራ ይሄ ነው። ለዶክተር አምደሚካኤል ደውዬ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ያሉት አለቃዬ ናቸው። ሰው ማመስገን የማያውቁት ሰውዬ "ግሩም ነው" አሉ።

ዛሬ ስንጨርስ የኔታ "ያንቺን ቤትስ አንቆጥርም?" አሉኝ።

"አጥኚ ራሱን አያጠናም የኔታ።"

መሬት መሬት አዩና መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከደጀን መንገድ ዳር የገዛሁት ቡት ጫማ የግራው ጠቦኛል። ማታ ማታ ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል። የቻይና ጫማ።

ታኅሣሥ 9

ጠዋት። አንሙት የሚባል ገበሬ። ሁለቱም እግሩ። ቅዳሴ የሚሰማው ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ ነው፣ ሸተትኩ ብሎ። ማንም ግባ አላለውም። ማንም።

ማታ። ጠዋት ቸኩዬ ስለነበር አሁን በደንብ ልጻፈው። የብርጓል ሳፋ አምጥታ፣ ውሃው ላይ በረኪና ጠብ ጠብ አድርጋ፣ የአንሙትን እግር በሳሙና አጠበችው። በጣቶቹ መካከል እየገባች አደረቀችና ቫዝሊን ቀባችው። ስታጥብ ስለ ገብሱ ዋጋና ስለ በሬው ታወራዋለች። እኔ የምለካው ትንፋሼን ይዤ ነው። አንሙት ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ልጁ ነው የነገረኝ። "ጫማ አድርጋ ነው ያደገች፣ እግሯ ምንም የለውም፤ ግን የሚያገባት ጠፋ። የኔን እግር እያዩ ይመለሳሉ" አለ። ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ደሜ ፈላና ቆሜ ተናገርኩ። መርገም አይደለም አልኩ። የእግዜር ቁጣም አይደለም። ለዚህ በሽታ መጋለጥ በደም ይወረሳል፤ የወረሰ ሰው በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ ይታመማል፤ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ግን አይታመምም።

አንድ ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ ለጎረቤቱ "እኛስ ከጥንት ጀምሮ በደም ነው እያልን አይደል? ይኸው ዶክተሯም አለችው" ሲል ሰማሁ።

ላርመው ፈልጌ ነበር። መኪናው እየጠበቀን ነበር።

ታኅሣሥ 30

የብርጓል ልታገባ ነው። ለገና ደምበጫ ሄደው ጨርሰውታል፣ ሠርጉ በጥር መጨረሻ ነው። ልጁ ደመላሽ ይባላል። የደምበጫ ልጅ ነው፣ የባዮሎጂ መምህር። ፎቶውን አሳየችኝ፤ አንገቱን ቀና ያደረገ፣ ከረባቱ የጠበቀበት። ቱቦ ላይ ቁጥር ስትለጥፍ ሁሉ ታንጎራጉራለች። ሁለት ቱቦ ተሳሳተች፤ ሌላ ቀን ቢሆን እጮህ ነበር። ፈቃድ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ኬኩን እኔ ነኝ ከማርቆስ የማመጣው ብያታለሁ።

ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የካልሲው ጠርዝ ጠልቆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ምንም የለም። መኪና ውስጥ ብዙ ተቀምጠን ነው።

ጥር 3

ቀረ። ሠርጉ ቀርቷል።

የብርጓል ሥራ ገብታለች። ቱቦ እየለጠፈች ነው። አታለቅስም። ጠየቅኋት፣ "ምንም አይደል እትዬ" አለች። ከእናቷ ነው የሰማሁት። የልጁ ወገኖች ዝምድና እንዲቆጠር የኔታን ጠርተዋል።

የኔታን።

ጥር 4

ጠዋት ይጁቤ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ስላደርኩ ሰላምታም አልሰጠኋቸውም። ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል፤ እነሱም ይስሙ ብዬ ነው እዚያው የጠየቅኋቸው።

"ምን አሏቸው የኔታ?"

"የቆጠርኩትን።"

"ስለ እግር ጠየቁዎት?"

"እነሱ አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ የጠየቅኩ።" ዓይናቸውን ከኔ አላነሱም። "የልጅቱ እናት ዘመዶች ነበሩ። ስም በጠራሁ ቁጥር 'እግሩስ?' አልኩ። ልማድ ሆኖብኛል፤ አንቺ ነሽ ያስለመድሽኝ። ከእናቷ እናት ስደርስ 'እሷስ አብጧት ነበር' አሉ። የልጁ ሰዎች እንጀራውን ሳይቆርሱ ተነሡ።"

"ያ ለሥራዬ ብቻ ነበር።"

"ልጄ፣ ለሥራሽ ሲሆን በደም ይወርዳል፤ ለጋብቻ ሲሆን አይወርድም? እኔ ከፊደል ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ይሄ አልገባኝም።"

ስለ ጫማው አስረዳሁ። ስለ አፈሩ። የብርጓል ከልጅነቷ ጫማ ያደረገች ልጅ መሆኗን፣ እሷም የምትወልዳቸውም ሊታመሙ የሚችሉት በባዶ እግራቸው ከሄዱ ብቻ መሆኑን። ሰሙኝ። "ይኸንን ያኔ ደህና አድርገሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉ። ጮኽኩ። የኔታ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ ነግሬያቸዋለሁ። የነገርኳቸው ይመስለኛል።

ጥር 7

ደመላሽ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ከረባቱን አድርጎ።

"እኔ በበኩሌ ምንም የለኝም ዶክተር። አባቴና ሽማግሌዎቹ ናቸው። ደሟ አዲስ አበባ ተመርምሮ ነፃ ናት የሚል፣ ማህተም ያለው ወረቀት ቢያገኙ ይመለሳሉ።"

"አንተ ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው?"

"አዎ።"

"ስለ ውርስ ምን ብለህ ታስተምራለህ?"

ከረባቱን ነካካ። የኛ ጥናት የብዙ ሰው ደም ተደምሮ ወዴት እንደሚያደላ ያሳያል እንጂ አንዲትን ሴት ነጥሎ ነፃ ናት፣ ነፃ አይደለችም እንደማይል ነገርኩት። ቢል እንኳ መልሱ ጫማ እንደሆነ ነገርኩት። ገብቶታል። የሚያናድደው እሱ ነው፤ ገብቶታል። ሲወጣ "ግን ወረቀቱን መጻፍ ይችላሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሩን በላዩ ላይ ዘጋሁበት።

የብርጓል ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች።

ጥር 8

ለዶክተር አምደሚካኤል ደወልኩ። "በጭራሽ እንዳትጽፊ" አሉ። እሺ፣ ልክ ናቸው። ቀጠሉና "ደግሞ ይሄ ወሬ ናሙና መሰብሰቡን እንዳያደናቅፍብን፤ ልጅቷን ለጊዜው ከመስክ ብታስቀሪያትስ?" አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። መጥፎ ነገር አልተናገርኳቸውም፤ ያ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ታቦት ሲያጅብ እኔ አጥር ተደግፌ ሳየው ዋልኩ። ስመለስ የብርጓል እናት ወይዘሮ የኔአለም በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የብርጓል ከእሳቸው ጋር አልነበረችም፤ መምጣታቸውንም አታውቅም።

"ጠላው ተጠምቋል። ማንን ላጠጣው?" አሉኝ።

"ወይዘሮ የኔአለም፣ ውሸት መጻፍ አልችልም።"

"አንድ መስመር ነው የምልሽ። ልጄ ደህና ናት፣ ዓይንሽ ያያል፤ ደህና ናት ብሎ መጻፍ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?"

"ደህና መሆኗን አይደለም የሚጠይቁት። ዘሯን ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "የወለተ ሐዋርያት ልጅ አይደለሽ? እናትሽ ብትለምንሽ እምቢ ትያት ነበር?"

የእናቴ ስም በዚህ ነገር ውስጥ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። አልችልም ብያቸው ገባሁ። ሻይ እንኳን አላልኳቸውም።

እግሬ ሲያቃጥለኝ አመሸ። ነገ ሰፋ ያለ ጫማ እገዛለሁ።

ጥር 14

ጻፍኩት።

"ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ወይዘሪት"፣ የሥራ አማርኛ፣ ለጥ ያለ። ማህተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ላሳርፈው ስል የአንሙት ልጅ ትዝ አለችኝ። አንዷን ነፃ ናት ካልኩ የሚቀጥለው ሽማግሌም ወረቀት ይዛችሁ ኑ ማለቱ ነው። ከዚያ ጥር በመጣ ቁጥር ይሰለፋሉ። የአንሙት ልጅ ስትመጣ ምን ልጽፍላት ነው? ቀደድኩት። ቀደድኩትና ደግሞ የብርጓልን አስቤ አለቀስኩ፣ ከንዴት የተነሣ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ጥር ተጋመሰ።

ጥር 16

ነገ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣሉ፣ የየብርጓል እናት ቤት። የኔታም ይኖራሉ። እኔ ወረቀት ይዤ እንደምመጣ ነው ሁሉም የሚያስበው። የብርጓልን "እንዳልሄድ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"እንደፈለጉ ይሁን እትዬ። እኔ ቱቦዎቹን መጨረስ አለብኝ።"

ጥር 17

ሽማግሌዎቹ መደብ ላይ፣ ደመላሽ በሩ አጠገብ፣ የብርጓል ከጓዳው አፍ ላይ ቆማለች። የኔታ ጥግ ላይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ወረቀት እንደሌለኝ ነገርኳቸውና ከደም ውጭ ያለውን ግማሽ በሙሉ ተናገርኩ፤ አፈሩን፣ ጫማውን፣ ሳሙናውን። የቻልኩትን ያህል ቀስ ብዬ። በትሕትና ሰሙኝ። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፤ እንግዳ እንደሚሰማ ነበር የሚሰሙኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዶክተር፣ ትምህርትዎን አንንቅም። ግን ይፍረዱ። እርስዎ ጨዋ ዘር ያለዎት ሰው ነዎት። የራስዎን ልጅ እንዲህ ላለ ቤት ይሰጣሉ?"

እንዲህ ላለ ቤት። የብርጓል ቆማ እየሰማች። የእናቴ ካልሲ ትዝ አለኝ።

"የኔታ፣ የኔን ቤት ይቁጠሩ" አልኩ።

"ተይው ልጄ።"

"ይቁጠሩ። እግሩንም ይጠይቁ፣ እንዳለማመድኩዎት።"

ጀመሩ። በአባቴ በኩል ወረዱ፣ ምንም የለም። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ወደ እናቴ ሲዞሩ ቆም አሉ። "እናቷ ወለተ ሐዋርያት" አሉ።

ጥያቄውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። "እግሯስ?"

"አብጧል" አሉ የኔታ። "የእሷም አባት። የአባቷም እህት።"

 ወደ የኔታ ዞርኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

"ድሮ። ገና ተማሪ ሳለሽ።"

"ኅዳር ላይ ስንሠራ ያንቺን አንቆጥርም ወይ ያሉኝ..."

"ልትነግሪኝ ትፈልጊ እንደሁ ብዬ ነው። አልፈለግሽም። የተማረች ናት፣ ክብሯን ልጠብቅላት ብዬ ተውኩት።"

"ለየብርጓልስ ለምን አልተዉላትም?"

መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ ተከሉ። የዛሬው ንዴቴ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የኔን ስም ለመሸፈን ምላሳቸውን የያዙ ሰውዬ ለእሷ ልማድ ሆነብኝ አሉ። እኔም ሠርጉ እስኪፈርስ ድረስ የኔታ አሉኝ፣ ምሁር ናቸው፣ ልማዳቸው ግሩም ነው ስል ነበር።

ያሰብኩት ነገር ሽማግሌዎቹ ያፍራሉ ብዬ ነው። ዶክተሯም እንዲህ ካለ ቤት ናት፣ እንግዲህ ምን አለበት ይላሉ ብዬ። ትልቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ እርስዎ አላሉኝም። "እንኳንም ወረቀቱን አላመጣች" አሉ ለጓደኞቻቸው፣ እኔ እንደሌለሁ። "የእሷ ወረቀት ምን ዋጋ ነበረው? ለራሷ ነው የምትከራከር።" ተነሡ። አንዱ ሲወጣ እኔ የተቀመጥኩበትን ዞር ብሎ አለፈው።

ደመላሽ በሩ ላይ ቀረ። 

"ሂድ" አለችው የብርጓል። "ይቀድሙሃል።"

ሄደ።

ጥር 18

እናቴ ቤት። ለመጀመሪያ ጊዜ ካልሲዋን አወለቀችልኝ። አልናገርም ስለሱ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። "አንቺን የሚያገባ እንዳይጠፋ ብዬ ነው የደበቅኩት" አለች። አላገባሁም እኮ እማዬ፣ አልኳት። "እሱማ በትምህርት ነው" አለችኝ።

ሳፋ ገዛሁላት። ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን። ስታጥበው በር ዘጋች።

ጥር 20፣ ደብረ ማርቆስ

ዶክተር አምደሚካኤል ደውለው "የራስሽን ቤተሰብ ጥናቱ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ ደንቡን ታውቂያለሽ" አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ደንቡን ሁላችንም እናውቃለን።

አንሙት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። የሰሞኑን ወሬ ሰምቷል። ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

ከሰዓት በኋላ የብርጓልን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለቁልፉ ስጮህባት ከነበረው ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ፣ ብዙ ነው። የኔታን ያለማመድኳቸው እኔ መሆኔን ስናገር እጇን አነሣች።

"እሱን አውቄዋለሁ" አለች። "እኔም እኮ አብሬ ነበርኩ። ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ።" ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አላለቀሰችም። "ተናድጃለሁ። በእርስዎም ተናድጃለሁ። ይለፍልኝ ብዬ ብጠብቅ አላለፈልኝም።"

"አይለፍልሽ" አልኳት።

የቀኑን ቱቦዎች ሳጥን ውስጥ ደረደረች። ከዚያ ሳፋውን ከጥግ ሳበችና ሞቅ ያለ ውሃ ሞላችበት። በረኪናውን ጠብ ጠብ አደረገች። በሽተኛ የለም፣ የመጨረሻው ሄዷል። የምትለካበትን ሜትር ከኪሷ አወጣችና ወንበሬ ፊት ቁጢጥ አለች።

"እግርሽን አምጪ" አለችኝ። አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ምኑን?"

"ግራውን። ከታኅሣሥ ጀምሮ ስታነክሺ አያለሁ።"

"ጫማው ነው የብርጓል። ከደጀን የገዛሁት፣ የቻይና ነው፣ ይጠባል።"

ሁለቱንም ጫማዬን አየች።

"የቀኙም የቻይና ነው" አለችኝ።

ማሰሪያውን ፈታሁት።